ንጉሡ ባይመጣም መርከቦቹ ነበሩ

በአዲስ አበባ ከሚገኙት ሐኪም ቤቶች በአንዱ፣ ከመስቀል በዓል ማግሥት ጀምሮ ተኝቶ የነበረ አንድ የሕግ ሰው፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቈጠሩትና ዳዊት ያስደገሙት የኔታ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ከእርሳቸው ጋር የተነጋገረው ነው። እናቱ ከራስጌው ተቀምጠው ነበር።

የኔታ፦ እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ፤ ምሕረቱን ያውርድልህ።

ታማሚው፦ አሜን የኔታ፤ እርስዎን ያኑርልን። በዚህ ዕድሜዎ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥተው መምጣትዎ አሳፈረኝ።

የኔታ፦ የታመመን መጠየቅ ከታዘዝናቸው አንዱ ነውና ደረጃውን ተወው። ይልቅስ የማኅበራችሁ ሰዎች የነገሩኝን ካንተ ልስማ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመድረስ አውቶቡስ ተከራይታችሁ፣ እሜቴም ዳቦ ቆሎውን ጋግረው፣ በሶውን አስፈጭተው፣ የተሳሉትን ጥላ በነጠላ ጠቅልለው ከጨረሱ በኋላ፣ ጉዞው ሊነሣ አንድ ሌሊት ሲቀረው ተያዘ አሉኝ።

ታማሚው፦ እንዳሉዎት ነው። በመስቀል ማታ እምብርቴ ዙሪያ ደንዘዝ ያለ ሕመም ተሰማኝ፤ የበዓሉ ክትፎ ነው ብዬ ናቅሁት። እናቴ ጤና አዳም በነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት፤ ወዲያው መለሰኝ። ሌሊቱ ሲጋመስ ሕመሙ ከእምብርቴ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደና ከዳሌዬ አጥንት በላይ እንደ ችንካር ተተከለ፤ ስስል፣ ስራመድ፣ መኪናው ጕድጓድ በገባ ቍጥር ያንኑ ስፍራ ይወጋኝ ጀመር። ሐኪሙ በጣቱ ቀስ ብሎ ተጭኖ ድንገት ሲለቀው፣ ከመጫኑ ይልቅ መልቀቁ አስጮኸኝ፤ እርሱም ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳ መውጣት አለበት አለ። ማኅበርተኞቼ በንጋት መዝሙር እየዘመሩ ከከተማ ሲወጡ እኔን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገፉኝ ነበር።

የኔታ፦ ሳይፈነዳ ተደረሰበትን?

ታማሚው፦ ተደረሰበት። ስለዚህ ተመስገን ማለቱን አልተውሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ቅር ያሰኘኛል፤ ለእርስዎ ሳልሸሽግ ብናገረው አይቈጡኝም ብዬ አምናለሁ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ገና ከበሩ ሳያልፍ «ሁሉ ለበጎ ነው» ይለኛል። አንዱ፣ ማን ያውቃል፣ አውቶቡሱ ሊገለበጥ ይችል ነበር ይላል፤ አውቶቡሱ ግን በሰላም ደርሶ በሰላም ተመልሶአል። ሌላው፣ ተራራው ላይ ሳለህ ይዞህ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጥህ ነበር ይላል፤ ይህኛውስ እውነት አለው፤ ቢሆንም እናቴ ዘመኗን ሙሉ ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን ተራራ ለመሳለም ስትመኝ ኖራ፣ መንገዱም ገንዘቡም ልጇም በአንድነት በተገጣጠሙበት ዓመት እኔን ታስታምም ዘንድ እዚህ ወንበር ላይ መቅረቷ በጎነቱ ከወዴት እንደ ሆነ ሊያሳየኝ የቻለ የለም።

የኔታ፦ አልቈጣህም፤ ደዌን በጎ ነው የሚል መጽሐፍ እኔም አላየሁም። ጌታችን ወደ ስምዖን ቤት በገባ ጊዜ አማቱን ይዞአት የነበረውን ንዳድ ገሠጸው ይላል ሉቃስ፤ በጎ ነገር ደግሞ አይገሠጽም። ድውያንን ፈወሰ እንጂ በሕመማችሁ ተደሰቱ ብሎ ትቶአቸው አልሄደም። ሰዎቹ ግን ይህን ቃል የሚናገሩት ክፉውን በጎ ለማለት ሳይሆን፣ የሚሉትን አጥተው ዝም እንዳይሉ ነውና አትፍረድባቸው።

ታማሚው፦ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት፣ ስለ ውል ሕግ በምንማርበት ዘመን ያነበብሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ ከዚያ ወዲህ ኅሊናዬ ከእርሱ አልተላቀቀም። በእኛ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ዐርፈው ልጃቸው ኤድዋርድ ሰባተኛ በዙፋኑ ተተክተዋል፤ የዘውዱም በዓል ለሰኔ 19 ቀን ተወስኖ፣ ከዓለም ዳርቻ ሁሉ ነገሥታትና መሳፍንት ወደ ለንደን ተጠርተዋል። ከእኛም ወገን ዳግማዊ ምኒልክ ራስ መኰንንን ልከው ነበር።

የኔታ፦ የሐረሩን ገዥ፣ የጃንሆይን አባት።

ታማሚው፦ እርሳቸውን። እንግዲህ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀር፣ ሰኔ 17 ቀን፣ መንገዱ በሰንደቅ ዓላማ ተሸልሞ፣ በረንዳው ሁሉ በእንጨት መቀመጫ ተሞልቶ ሳለ፣ ንጉሡ ታመዋልና በዓሉ ቀርቶአል የሚል ዐዋጅ ወጣ። ሕመሙ ይኸው የእኔው ነበር። ንጉሡ ቀኑን አላሳልፍም ብለው ብዙ ታገሡ፤ ሐኪሙ ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ ግን አሁን ካልተቀደዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገቡት በሬሳ ሣጥን ነው እንዳሏቸው ይነገራል። በዚያ ዘመን ስለዚህ ሕመም ሆድ መክፈት እጅግ የሚያስፈራ ነገር ነበር። በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ቀደዷቸው፤ መግሉን አፈሰሱት፤ አንጀቱን ግን አላወጡትም። በማግሥቱ ንጉሡ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ነሐሴ 3 ቀንም ዘውዳቸውን ጫኑ። ሕዝቡ የሚፈራው ቀዶ ጥገና ከዚያ ወዲህ እየተለመደ ሄደ፤ እኔም ዛሬ በሕይወት የምነጋገርዎት ከዚያ መለመድ የተነሣ እንደ ሆነ አስባለሁ።

የኔታ፦ ለነገሥታቱ የተሰናዳው ማዕድስ? ያ ሁሉ ድግስ እንዴት ሆነ?

ታማሚው፦ ለቤተ መንግሥቱ ግብዣ የተሠራው ምግብ በለንደን ምሥራቅ ለሚኖሩት ድሆች ተከፋፈለ። ከዚህ የበለጠው ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ስለ በዓላቸው ለከተማይቱ ድሆች ታላቅ ምሳ አስበው ነበር፤ ዘውዱ ሲቀር ይህ ምሳ አልቀረም። ሰኔ 28 ቀን፣ እርሳቸው ገና በአልጋ ላይ ሳሉ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህል ድኻ በየአዳራሹና በየሜዳው ተቀምጦ በላ።

እናት፦ የእኔም ስንቅ እንደዚያው ሆነ፤ የንጉሥ አያርገው እንጂ።

የኔታ፦ እንዴት እሜቴ?

እናት፦ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው፣ ሁሉም እንደ ተቋጠረ ቤት ቀርቶ ነበር። ልጄ ከተቀደደ በኋላ የጐረቤት ልጅ ልኬ አስመጣሁት፤ ያንን ያህል ቀን እዚህ ስቀመጥ የምቀምሰው እንዲሆነኝ ብዬ ነው። ያ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ የተንጠለጠለው ልጅ፣ ከሩቅ አገር ለቀን ሥራ መጥቶ ከመወጣጫ እንጨት ላይ የወደቀ ነው፤ ጠያቂም አስታማሚም የለውም። በሶውን በኩባያ በጥብጬ፣ ጨውና ትንሽ በርበሬ ጣል አድርጌ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ቀምሶ ኩባያውን ይዞ ዝም አለ፤ ቀጥሎ «እማማ፣ ገብሱ የየት አገር ነው?» አለኝ። የመንዝ ነው አልሁት። ከዚያ ወዲህ የስንቁ ባለቤት እርሱ ሆነ፤ የሌሎቹ አስታማሚዎችም ዳቦ ቆሎውን እየዘገኑ ጨረሱት።

ታማሚው፦ እኔ በዚያን ሰዓት፣ ሆዴ ነፋስ እስኪለቅ ድረስ ውኃ እንኳ እንዳልቀምስ ተከልክዬ ነበር። የተቈላው ገብስ ሽታ በክፍሉ ሲመላ፣ ያ በሶ ግሸን ተራራ ሥር ከድካም በኋላ ልንጠጣው የነበረው መሆኑን ሳስብ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ንዴት ነበረ፤ ሌላም ነገር ነበረበት።

የኔታ፦ ሌላው ምንድን ነው?

ታማሚው፦ ወደ እርሱ የሚያደርሰኝ የለንደኑ ታሪክ ፍጻሜ ነውና ይታገሡኝ። ንጉሡ በመታመማቸው ምክንያት እጅግ ብዙ ሰው ተካሰሰ። የበዓሉን ሰልፍ ለማየት በመንገዱ ዳር ያሉ ቤቶች በውድ ዋጋ ተከራይተው ነበርና፣ ሰልፉ ሲቀር ኪራዩን ማን ይክፈል የሚል ክርክር ተነሣ። ሄንሪ የሚባል ሰው ፓል ማል በሚባለው ጐዳና ላይ ያለውን፣ ክሬል የሚባል ሰው ቤት ለሁለት ቀን፣ ሌሊቱ ሳይጨመር መዓልቱን ብቻ፣ በ75 ፓውንድ ተከራይቶ 25 ፓውንድ ቀብድ ከፍሎ ነበር። በውሉ ላይ ስለ ሰልፉ አንድ ቃል አልተጻፈም። የይግባኝ ዳኞች ግን በሚከተለው ዓመት፣ ይህ ቤት በእነዚያ ቀናት የተፈለገው ስለ መስኮቱ፣ መስኮቱም የተፈለገው ስለ ሰልፉ ነው፤ ሰልፉ ሲጠፋ የውሉ መሠረት ጠፍቶአልና ሄንሪ የቀረውን 50 ፓውንድ አይክፈል ብለው ፈረዱ።

የኔታ፦ ፍርዱ ርቱዕ ነው። በባዶ ጐዳና ላይ የተከፈተ መስኮት ለማን ይጠቅማል?

ታማሚው፦ እንግዲህ ሁለተኛውን ይስሙ። በዚያው ሳምንት ንጉሡ በስፒትሄድ ባሕር ላይ የጦር መርከቦቻቸውን ሊጐበኙ ነበር፤ ሃተን የተባለ ሰው ደግሞ ይህን ጕብኝት የሚያዩ ሰዎችን ሊያሳፍርበት አንዲት የእንፋሎት መርከብ ለሁለት ቀን በ250 ፓውንድ ተከራየ። የንጉሡ ጕብኝት ቀረ። ሃተንም እንደ ሄንሪ መሠረቱ ጠፍቶአልና አልከፍልም አለ። ዳኞቹ እነዚያው፣ ዘመኑ ያው፣ የታመሙትም ንጉሥ እኒያው ሲሆኑ፣ በዚህኛው ግን እንዲህ ብለው ፈረዱበት፦ ንጉሡ አልመጡም፤ መርከቦቹ ግን በስፍራቸው ነበሩ፤ ባሕሩም ነበረ፤ ሰው አሳፍረህ መርከቦቹን ልትዞራቸው ትችል ነበርና ዕዳህን ክፈል።

የኔታ፦ ገባኝ። አንዱ ሁሉን አጣ፤ ሁለተኛው ግን አለቃውን አጣ እንጂ ጭፍራው ቀርቶለት ነበር።

ታማሚው፦ ይኸው ነው የኔታ። እንቅልፍ ባጣሁባት ሌሊት ራሴን የጠየቅሁት፣ እኔ ከሁለቱ በማንኛው ፍርድ ነኝ ብዬ ነው። በታመምሁ ጊዜ ያደረግሁት የሃተንን ነበር፤ ጉዞው ቀረ ብዬ ከጉዞው ጋር ያለውን ሁሉ እንደ ቀረ ቈጠርሁት። ሲመረመር ግን የጉዞው መሠረት ከእናቴ ጋር አብሬ መዋል፣ ስለቷን ማድረስ፣ የተሰናዳውንም ለሚገባው ማብላት ነበር። የእኔና የእርሷ መቀመጫ ባዶ አልሄደም፤ እድሜ ልካቸውን ከሠፈር ያልወጡ ጐረቤታችን አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተሳፈሩበት፤ ጥላውንም እሳቸው አስገቡ።

እናት፦ ጥላው ደርሶአል፤ እኔ ነኝ ያልደረስሁት።

ታማሚው፦ እናቴም እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገር፣ አባቴ በሞተበት ክረምት እኔን ትምህርት ቤት ለማቆየት ምን እንደ ሸጠችና ለማን እንደ ለመነች፣ በዚህ ወንበር ላይ ሆና በሌሊት ነገረችኝ። በአውቶቡስ ውስጥ በከበሮና በእልልታ መካከል ይህን ትነግረኝ ነበር ብዬ አላስብም። ስለዚህ መርከቦቹ በስፍራቸው አሉ፤ ካሉ ደግሞ ዕዳ አለብኝ። ሰዎች ለበጎ ነው ሲሉኝ ቅር ያሰኘኝ ይህ ይመስለኛል፤ በጎውን ያለ ዋጋ የሚመጣ ስጦታ አድርገው ያቀርቡልኛል፤ እኔ ግን የማየው የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ነው።

የኔታ፦ ሐተታህ ደስ ያሰኛል፤ እኔም ከምናውቀው ልጨምርልህ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 4 አስቀድሞ ወንጌልን የሰበከላቸው በሥጋ ድካም ምክንያት እንደ ነበረ ያስታውሳቸዋል። ከዚህ ተነሥተው፣ ሐዋርያው ወደ ሌላ አገር ሊያልፍ አስቦ ሳለ ደዌ ይዞት በእነርሱ ዘንድ እንደ ቀረ የሚተረጕሙ አሉ። ያሰበበት አልሆነለትም፤ አፉ ግን ነበረ፤ የሚሰማውም ነበረ፤ እነርሱም ደዌውን ሳይጸየፉ ተቀበሉት። የሮሜውን መልእክት ደግሞ ተመልከት። ወደ ሮሜ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አስቦ ተከለከለ፤ ይህንኑ በምዕራፍ 15 ራሱ ይናገራል። እግሩ ቢደርስ ኖሮ ቃሉን በጆሮ የሚሰሙት የዚያን ጊዜ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እግሩ ስለ ዘገየ ቃሉ ተጻፈ፤ ዛሬ በቅዳሴ ከምናነበው አንዱ ያ ነው።

ታማሚው፦ ይህን በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም።

የኔታ፦ ቆይ፤ በአንድ ወገን ብቻ እንዳንሄድ። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፤ አለቀሰ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ በቍስሉም ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለት ተነሣ። ከዚህ የሚበልጥ ምሕረት ምን አለ? ወዲያው ግን የባቢሎን ንጉሥ መታመሙን ሰምቶ ሊጠይቁት መልእክተኞችን ላከ፤ እርሱም ደስ ብሎት ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የጦር ዕቃውን፣ አንዳች ሳያስቀር አሳያቸው። ኢሳይያስም መጥቶ፣ ያሳየኸው ሁሉ ወደ ባቢሎን ይፈልሳል አለው። እንግዲህ መዳን ብቻውን ሰውን የተሻለ አያደርገውም፤ የተጨመረለትን ዕድሜ እንዴት ያወጣዋል የሚለው ገና ሌላ ጥያቄ ነው። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ቀድሞው ግብሩ ያልተመለሰ ስንት ሰው ታውቃለህ?

ታማሚው፦ ጥቂት ነው።

የኔታ፦ ጥቂት ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፤ ያ የቤቱ ተከራይ፣ ፍርድ ቤቱ አትክፈል ያለው፣ በዚህ በያዝኸው ነገር ውስጥ ስፍራው የት ነው?

ታማሚው፦ በጣም የከበደኝ እርሱ ነው። ንጉሡን ያዳኑት ሐኪም፣ ትሪቭስ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የገዛ ሴት ልጃቸው በዚሁ በትርፍ አንጀት ሕመም ሞታባቸዋለች። ሺህ ጊዜ ያዩትን ሕመም ከቤታቸው ሲገባ ሊያስመልጧት አልቻሉም። ይህ ኀዘን ነው ንጉሡን ለማዳን እጃቸውን ያጸናላቸው የሚል ሰው ቢመጣ፣ እኔ አልተባበረውም። ልጅቱ የንጉሥ ቤዛ እንድትሆን የተወለደች አይደለችም። በመንግሥት ደረጃም እንኳ ሕጉ ሰው የማይጠየቅበት ጥፋት እንዳለ ያውቃል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 1792 እና 1793 ከዐቅም በላይ የሆነውን ኃይል ሲያስረዳ፣ ከጦርነትና ከመሬት መናወጥ ጋር የባለዕዳውን ሞት፣ ከባድ አደጋና ያልታሰበ ብርቱ ሕመም በአንድ ተራ ያስቀምጣል፤ በእንዲህ ያለው የተያዘን ሰው ግዴታህን ለምን አልፈጸምህም ብሎ አይቀጣውም።

የኔታ፦ እንግዲህ ለኀዘንተኛው የምንፈርደው በመስኮቱ ፍርድ ነው። መሠረቱ ከጠፋበት ሰው ምስጋና አይጠየቅም፤ አጠገቡ ይቀመጡለታል እንጂ። ኢዮብን ሊያጽናኑት የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹ፣ ሰባት መዓልትና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ያጠፉት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው።

ታማሚው፦ ታዲያ በየትኛው ፍርድ እንዳለ የሚወስን ማን ነው? ጠያቂው ነውን?

የኔታ፦ ጠያቂው አይደለም። መርከቦቹ መኖር አለመኖራቸውን የሚያየው በባሕሩ ዳር የቆመው ሰው ነው። አንተ ስለ ራስህ አይተህ ተናገርህ፤ ስለዚህ ቃልህ ከበደ። ያንኑ ቃል እኔ ከደጅ መጥቼ ብነግርህ ኖሮ፣ እንደ ሌሎቹ ቅር ያሰኝህ ነበር። ደግሞም ዛሬ መስኮት ብቻ የመሰለው ሰው፣ ከዓመት በኋላ መርከቦቹን ሊያይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ራሱ ይናገር፤ እስከዚያ አይቸኰልበት።

እናት፦ የኔታ፣ እኔስ ከማንኛው ነኝ? ልጄ ዳነልኝ፤ ስለቴ ደረሰ፤ ልቤ ግን ያንን ተራራ አልተወውም።

የኔታ፦ እሜቴ፣ አይተዉት። የቀረውን ማመስገን የጠፋውን አልፈለግሁትም ነበር ማለት አይደለም። ተራራው የሚሄድበት የለም፤ መስከረም 21ም በየዓመቱ ይመጣል፤ ጕልበትዎን ግን ይጠብቁት።

ታማሚው፦ ለሚመጣው ዓመት ወጭውን እኔ ለብቻው አስቀምጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን የቅርቡ ዕዳዬ እዚያ በመስኮቱ በኩል ተኝቶአል። የእናቴን በሶ የጠጣው ልጅ በሥራው ላይ ሳለ ነው የወደቀው፤ አሠሪው ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም፤ ልጁም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እግሬ አዳልጦኝ ነው እያለ ራሱን ይከሳል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን የነገረው ሰው የለም። እኔ ግሸን ሄጄ ቢሆን ኖሮ በዚህ አልጋ ላይ የሚተኛው ሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ሕግ ላያውቅ ይችላል። ቀና ብዬ መቀመጥ ከቻልሁ ማመልከቻውን እጽፍለታለሁ።

የኔታ፦ አሁን መቀመጥ ተከልክለሃል?

ታማሚው፦ ስፌቱ እስኪጠና ብዙ አትቀመጥ ብለውኛል።

የኔታ፦ እንግዲያስ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍ፤ ዐይኔ ቢደክምም እጄ ገና ነው። እሜቴ፣ ወረቀት ይፈልጉልን። አንተ ልጅ ሆይ፣ ወደ እኛ ዙር፤ ስምህንና የአባትህን ስም ንገረኝ፤ ሥራውን የጀመርህበትን ቀንና በቀን ስንት ይከፈልህ እንደ ነበረም አስብ።